ከዜብራው ወዲያ

ንፋሱ ለሙሽራ የሰፋችውን ዓይነ ርግብ ከእጇ ሊነጥቅ ሲታገል፣ ልብስ ሰፊዋ አስፋልቱ መሃል ደርሳ ነበር። ጭቃ እንዳይነካው ከፍ አድርጋ ይዛው ሳለ ተገልብጦ ፊቷ ላይ አረፈ። ዓለም ሁሉ ወተት መሰለች። መኪናው፣ ዛፉ፣ ሰዉ በጭጋግ ውስጥ እንደሚዋኝ ዓሣ ቀስ እያለ ያልፋል። "እንዴት ያምራል!" አለች በሆዷ። በዚያ ስስ ጨርቅ ውስጥ አንድ ሚኒባስ ሲመጣ አየች፤ ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ ያዛጋል። ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው ሰማዩን ብቻ ነው።

አሁን ግራ እግሯ በጄሶ ታሽጎ ሆስፒታል ተኝታለች። ሙሽራዋ በተውሶ ዓይነ ርግብ ተድራለች አሉ። ማስታገሻው አልጋውን እንደ ጀልባ ያንሳፍፍባታል። ሰፈርተኛው "ያለ ፈቃድ ጠበቃ" የሚለው ታላቅ ወንድሟ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ ያንሾካሹካል።

"ስሚኝ፣ እህት ዓለም። ትራፊክ ፖሊሷ ቃልሽን ልትቀበል መጥታለች። ዜብራ ላይ ነበርኩ በይ፣ አለቀ።"

"ዜብራው እኮ ወዲያ ነው፣ ጋሼ። እኔ በዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ነው የገባሁት።"

"ማን አየሽ? እሷም አጥፍታለች ከተባለ ካሳሽን ይቆርጡታል። የስፌት መኪናውን በምንሽ ልትረግጪ ነው?"

እውነቱን ነው፤ የእናቷም የልጇም ጉሮሮ በዚያች እግር ላይ ተንጠልጥሏል።

"ሾፌሩስ ምን አለ?"

"ምን ይላል! ድንገት ገባችብኝ፣ እኔ ንጹሕ ነኝ ይላል።"

"ስለ እንቅልፉ አልተናገረም?"

"የምን እንቅልፍ?" ወንድሟ ዓይኑ በራ። "ተኝቶ ነበር? በይ እሱን ተናገሪና ዜብራውን ጣል አድርጊበት!"

ሳቋ መጣ፤ ጎኗን ስላመማት ተወችው። ዓይኗን ስትከድን ያ ነጭ ጭጋግ ተመልሶ መጣ። እሱ በድካም፣ እሷ በውበት ፈዝዘው፣ ሁለት ሕልመኞች አንድ መንገድ ላይ ተገናኙ። ታዲያ አንዱ ብቻ ነቅቶ ነበር ቢባል ማን ያምናል? እሷ ራሷ አታምንም።

ፖሊሷ ገብታ ወንበር ሳበች። "እንኳን ተረፍሽ፣ እህቴ። መናገር ትችያለሽ?"

"ዜብራው ላይ እያለች ነው..." ብሎ ወንድሟ ጀመረላት።

"ጋሼ፣" አለች እጁን ይዛ፣ "እስቲ ውጭ ጠብቀኝ።"

እያጉረመረመ ወጣ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

"የተሻገርኩት ከዜብራ ውጭ ነው። ፊቴም ተሸፍኖ ነበር።"

ፖሊሷ ብዕሯን አቆመች። "እንዲህ ካልሽ ጥፋቱ በሁለታችሁ መካከል ይከፈላል። ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል። የእኔን በእኔ ላይ ጻፊው።" ትራሷ ላይ ቀና አለች። "የእሱን ግን አልሸከምለትም። አሁን ስለ ማዛጋቱ ልንገርሽ።"