ጭስ ያልጠጣ ሳር

አባይነሽ ያን የኅዳር ቅዳሜ ከነጋ ጀምሮ መቀመጫ አጥታለች። ጓሮ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ደጅ ትቆማለች፣ ሞልቶ ያደረውን የውሃ ጀሪካን ደጋግማ ከፍታ ታያለች። ባሏ ሳሚ፣ «ምን ሆነሻል? ሚስማሩ እኮ አንቺ ራስ ላይ አይመታም!» ብሎ ቀለደባት። መሳቅ አቃታት። የሚያስቅ ነገር የለማ!

ቤቱ የሳሚ አያት የሠሩት ነው። ከቦዲቲ ወጣ ብሎ፣ በእንሰት ተከቦ የቆመ፣ ከሶዶ ድረስ ሰው ፎቶ ሊያነሳው የሚመጣ ረጅም ሳር ቤት። ባልና ሚስቱ ቅዳሜና እሁድን እዚህ ቢያሳልፉም የሚኖሩት ሶዶ ነው፤ የቤት ሥራ ማኅበር በሠራቸው፣ መልካቸው አንድ በሆነ፣ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም እኩል በሚንጫጩ የቆርቆሮ ቤቶች መሀል። የሳሚ እናት እማማ ጥሩነሽ ግን «ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው» ያሉ ሴት ናቸው። ዛሬ የዚያ ቤት ሳር ተገፎ ቆርቆሮ ሊለብስ ነው። የከዳኙም ስም አብሮ ተገፎ ሊቀር ነው። አባይነሽን መቀመጫ ያሳጣት ይሄ ሁለተኛው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ቤቱን እንደገና የከደኑት አባባ ባዳቾ ነበሩ። እሳቸው የከደኑት ቤት ሃያ ዓመት ጠብ አይልም ይባልላቸው ነበር። ሥራውን የጨረሱ ዕለት አባይነሽ ምሳ ስታቀርብላቸው፣ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ስሚ ልጄ፣ ማታ ማታ እሳት እንዳይጠፋበት። ይጨስለት። ጭስ ያልጠጣ ሳር አይከርምም» አሏት። እሷስ? አስተማሪ ናት፣ የጸሎት ቤት ሰው ናት፤ ለቤት ማጨስ ሲሏት የድሮ አምልኮ መሰላት! እሺም እምቢም ሳትል አሳለፈችው፣ ለማንም አልተነፈሰችም። ወር ሳይሞላ ደግሞ የአማቷ ዓይን በጭስ ሲያለቅስ አላስችል ብሏት፣ ጓሮ ማድ ቤት አሠርታ ምድጃውን ከቤት አወጣች። የእማማ ጥሩነሽ ዓይን ዳነ። መንደሩም «ምራት እንዲህ ናት!» አለ።

ሳሩ ግን በመጀመሪያው ክረምት ሻገተ፣ በሁለተኛው አፈሰሰ። ማን ምኑን ይጠርጥር? ውስጡ እሳት የማይነድበት ሳር ቤት በዚያ መንደር ታይቶ አያውቅም። ሁሉም ከዳኙ ላይ ወረደ። ሳሚ ገበያ መሀል፣ «የበሰበሰ ሳር ጭነህብን ሄድክ!» ብሎ ሽማግሌውን አዋረዳቸው። በከደኑበት ዓመት የቅርቡ መሬት ታርሶ ሳሩ የመጣው ከሩቅ፣ ከቢጠና በኩል ነበርና፣ ምድጃው መውጣቱን ያልሰሙት አባባ ባዳቾም ራሳቸውን ተጠራጠሩ። የሳሚን ግቢ ላይረግጡ ማሉ። ለሥራ የሚጠራቸውም ጠፋ። እሁድ እሁድ የመንደሩ ጸሎት ቤት በሩ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሰው ሳይነሳ ቀድመው ይወጣሉ።

አባይነሽ እውነቱን የደረሰችበት ባለፈው ፋሲካ ነው። ጎረቤት ተጠርታ ገብታ ቀና ብትል፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሳር፣ በዚያው እጅ የተከደነ ጣሪያ ጥቀርሻ ጠጥቶ ጠንክሮ አየችው። ከሥሩ ምድጃው ይነዳል። የሽማግሌው ምክር ትዝ አላት። ያኔውኑ መናገር ነበረባት። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች፤ እሷኑ ፈጃት!

ሠራተኞቹ መሰላሉን ሲያቆሙ አባባ ባዳቾ መጡና ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ሥራቸው ሲፈርስ ሊያዩ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ፒክአፕ ቆመና ጃዕፈር የሚባል ነጋዴ ወረደ። ሶዶ ውስጥ ምግብ ቤት አለው፤ ግቢው ውስጥ ሰፊ የሳር አዳራሽ ሊያሠራ አስቦ፣ «የቦዲቲውን ቤት ሳታይ እንዳትጀምር» ብለውት ነው የመጣው።

«እንዴ! ልታፈርሱት ነው?» አለ ደንግጦ። «ማነው የከደነው? እኔ ሰውየውን ፈልጌ ነበር።»

ሳሚ ሳቀ። «ያውልዎት፣ አጥሩ ጋ። ሦስት ዓመት ነው የቆየልን! በእኔ የደረሰው በእርስዎም እንዳይደርስ።»

አባባ ባዳቾ ሰሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው ደፉና ሊሄዱ ዞሩ።

«አባባ፣ አይሂዱ!» አለች አባይነሽ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አንደበቷ አልቆመም። «እሳት አይጥፋበት ብለውኝ ነበር። አምልኮ መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም። ምድጃውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳሩን የገደለው ጭስ ማጣት ነው። ካወቅሁ ደግሞ ሰባት ወር ሆነኝ። ዝም ብዬ ሰባት ወር አዋረድኳቸው!»

ሳሚ የያዘውን መዶሻ መሬት ላይ አስቀመጠ። እማማ ጥሩነሽ በዳኑት ዓይኖቻቸው አፈጠጡባት። ጃዕፈር ቤት ገባ፣ ወደ ላይ አየ፣ የሳሩን ማሰሪያ በእጁ ጎትቶ ሞከረና ወጣ።

«የእኚህ ሰው እጅ ጥፋት የለበትም» አለ። «ግን አባባ፣ እውነት ሁልጊዜ ከሥሩ እሳት መንደድ አለበት?»

«አለበት» አሉ ባዳቾ።

«እንግዲያው ተውኩት። እኔ እንግዳ ጭስ ውስጥ አስቀምጬ ምሳ አላበላም። ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ።» ወደ አባይነሽ ዞሮ፣ «አላህ ይስጥሽ እህቴ፣ ከጉድ አወጣሽኝ» አላትና መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

አባባ ባዳቾ ከማሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢውን ረገጡ። ፊቷ መጥተው ቆሙ።

«ዝም ስትዪ ስሜን በላሽ፤ ስትናገሪ እንጀራዬን።»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ…»

«ይቅርታው ይቆይ። ዛሬ የሰማሽ አንድ ግቢ ሰው ነው፤ የሳቀብኝ ግን ገበያው ሁሉ ነው። ነገ ጸሎት ቤት፣ ማስታወቂያ ሲነገር ተነስተሽ ትናገሪያለሽ። አንድም ሳታስቀሪ።» ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «ውረዱ! ያለበስኩትን የምገፈው እኔ ነኝ።» በዚያ ዕድሜያቸው መሰላሉን ወጡ።

እሁድ ጠዋት መንገድ ላይ ሳሚ፣ «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ተዪው፣ ይረሳል» አላት።

«አንተ ገበያ መሀል ያልካቸው ተረሳ?» አለችው። ሳሚ አንገቱን ደፋ።

ማስታወቂያ ነጋሪው ስለ ረቡዕ ጸሎት ተናግሮ ሲጨርስ አባይነሽ ተነስታ ወደ ፊት ሄደች። ዓይኗ ልማዱ ነውና መጀመሪያ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነው። ቀሩ ብላ ክው አለች። ከዚያ አየቻቸው። የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ልክ ፊት ለፊቷ፣ ንጹሕ ኮት ለብሰው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ወንድሞችና እህቶች» አለች፣ «የአባባ ባዳቾን ሳር ያበሰበስኩት እኔ ነኝ።»