ከስፖንዳው ኋላ

አቅላጯ ብረት የምትቀዳበትን የጎማ ፎርማ ከፍታ ስታይ አራተኛዋም ቅጂ ተበላሽታለች።

"ደግሞ ጀመረሽ!" አለች ለፎርማው። ብቻዋን ስትሠራ ከዕቃ ጋር መነታረክ ልማዷ ነው፤ ዕቃ መልስ ስለማይሰጥ ሁልጊዜ የምትረታው እሷ ናት።

በጉጠት ያወጣቻት ነገር የጨዋታ መኪና መቆሚያ ናት። የክብሪት ቀፎ የምታህል ስስ የብረት ሰሌዳ ስትሆን ላይዋ ላይ የጠጠር መንገድ ተቀርጾባታል። መሐሏ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነው፤ እዚያ ላይ ከጣት አንጓ የማትበልጥ ወታደራዊ የጭነት መኪና ትጣበቃለች። ትዳር የያዙ፣ ጸጉራቸው የሸሸ ሰዎች ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው በእነዚህ መኪናዎች ጦርነት ይጫወታሉ። ሲያዩት የልጅ ነገር ይመስላል እንጂ እንደነሱ ነገረኛ ደንበኛ የለም። የመኪናዋ ጎማ ጥርስ ጠርቶ ካልወጣ፣ ወይም ኮፈኑ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ከተገኘች፣ ዕቃው በመጣበት እግሩ ይመለሳል።

የዛሬው ጉድለት ግን አረፋ አይደለም። ከሰሌዳዋ በስተኋላ፣ መንገዱ ላይ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ትርፍ ብረት ቀጥ ብላ ቆማለች።

አቅላጯ የፎርማን ጠባይ ታውቃለች። የፎርማው ጎማ ሲቀደድ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ትርፍ ያወጣል፤ ያ ትርፍ በየቅጂው እዚያው ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ሲውል ሲያድር ይወፍራል እንጂ ቦታ አይቀይርም። ጎማውን በጣቷ ዳበሰችው። የትም አልተቀደደም። ፓውደር ነሰነሰችበት፣ ሁለቱን ግማሾች ገጥማ በማያዣው ጠፈረቻቸውና ከድስቱ አንድ ጭልፋ የቀለጠ ብረት ቀድታ በአፉ አፈሰሰች። ብረቱ እስኪረጋ ስትጠብቅ ስልኳ ጮኸ።

የደወለው ባለመነጽሩ ነው። የጨዋታ ዕቃዎች ሱቅ ያለው ሲሆን ስሙን ያገኘው ከኪሱ ከማትለየው አጉሊ መነጽር ነው።

"እህቴ፣ ሥራው እንዴት ነው?"

"እየሄደ ነው።"

"መኪናዎቹ ላይ እንኳ ሐሜት የለኝም፣ ጥርት ብለው ነው የወጡት። የኔ ጭንቀት መቆሚያው ነው። የአባትሽ መቆሚያ ከፊት ሜዳ፣ ከኋላ ምላጭ! ሲያቆሟት ወደ ኋላ ትንጋለላለች። ሰልፍ ሲያስይዟቸው ደግሞ የፊተኛዋን ስፖንዳ የኋለኛዋ ትገጨዋለች።"

"አሁን በአራቱም በኩል እኩል ነው። አዲስ ፎርማ ራሴ ሠርቻለሁ።"

"እሰይ! ስድስት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱንም ልወስድ እመጣለሁ። ዛሬም ካልሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌላ ቦታ ማሠራቴ ነው። አትቀየሚኝ እንግዲህ።"

አልተቀየመችም፤ ደነገጠች እንጂ። ከሱ በቀር ደንበኛ የላትም። እሱ ከሄደ ምድጃውን አጥፍቶ በሩን መቆለፍ ነው። ለዚያም ነው አዲሱን መቆሚያ ከአባቷ ተደብቃ የሠራችው። የመኪናዋን ዋና ቅርጽ ከነሐስ የፈለፈለው አባቷ ነው፤ በወጣትነቱ በጦርነቱ ጊዜ እንዲህ ዓይነት መኪና ነድቷል። በሥራው ላይ አንድ የማይነካ ትእዛዝ አለው። መቆሚያው የመኪናው የኋላ ስፖንዳ ጋ ሲደርስ ይቆረጥ፣ ከዚያ ወዲያ ጸጉር አይትረፍ። ለምን ሲባል ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

አምስተኛዋን አወጣች። ትርፏ ብረት አሁንም አለች። ከአራተኛዋ አጠገብ ስታስቀምጣት ግን አንድ ነገር ታያትና እጇ አየር ላይ ቀረ።

የተበላሸን ቅጂ በዚያው ቀን ወደ ድስቱ መመለስ ቆሻሻውን መድገም ነው ብሎ አባቷ ስላስተማራት፣ ብልሽቶቹን ጠረጴዛው ዳር ደርድራቸዋለች። በመጀመሪያዋ ላይ ትርፏ ብረት የሰሌዳዋ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ናት። በሁለተኛዋ ከጠርዙ ገባ ብላለች። በሦስተኛዋ ወደ ግራ ጋደል ብላ ትንሽ ቀርባለች። በአራተኛዋ ወደ ቀኝ። በአምስተኛዋ መንገዱን አጋምሳዋለች።

"ዓይኔ ነው" አለች።

ስድስተኛዋን ቀድታ አወጣች፤ ትርፏ ይበልጥ ቀርባለች። በሞረድ ላጨቻት፤ ሰሌዳዋ ላይ ግን ጠባሳዋ ቀረ። ሰባተኛዋን ስታወጣ ግን ትርፏ ብረት ከስድስተኛዋ አልፋ፣ መኪናዋ ወደምትቀመጥበት ጉድጓድ ተጠግታ ቆማለች። አጉሊ መነጽሯን አነሳች። ባታነሳው ይሻላት ነበር። ከላይ ክብ ነገር፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ ትከሻ፣ ወደ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ነገር። አንድ እጅ። ሰው ነው።

ጠዋቱ ብሩህ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች፤ መንገድ ላይ ሰዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ። በሌላ ቀን ሳቃቸውን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር፤ ዛሬ ከሩቅ አገር የሚመጣ መሰላት። መሮጥ አማራት፤ ግን ከራስዋ የሥራ ጠረጴዛ ወዴት ይሮጣል? ስምንተኛዋን ቀዳች፣ ዘጠነኛዋን ቀዳች።  በዘጠነኛዋ ላይ በሰውየው እጅና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ብቻ ቀርቷል።

በጓዳ ሲያወራ የቆየው ሬዲዮ ዝም አለ። የአባቷን ምርኩዝ ኳኳታ ስትሰማ መጥረጊያውን ጨርቅ ብልሽቶቹ ላይ ወረወረችው። አንዷን ግን አልሸፈናትም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አባትየው በሩ ላይ ቆሞ።

"መቆሚያ ነዋ፣ አባዬ።"

"መቆሚያነቱንማ መች አጣሁት! ከኋላው ይሄ ሁሉ ሜዳ ምን ይሠራል? ከስፖንዳው ወዲያ ጸጉር አታስተርፊ አላልኩሽም?"

"ደንበኛው ነው የጠየቀው። ደግሞ ለምን እንደከለከልከኝ ነግረኸኝ አታውቅም።"

ሊቆጣ ቀርቦ አፉን እንደከፈተ ዓይኑ ትርፏ ብረት ላይ አረፈ። ጨርቁን በምርኩዙ ጫፍ ገፈፈው። ዘጠኙን ከዳር እስከ ዳር ተመለከታቸው። የምትቀመጥበትን በርጩማ ስባ አቀረበችለት።

"በግራ እግሩ ያነክስ ነበር" አለ።

"ማን?"

"አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሲል ይታይሻል? እግሩን ተመትቶ ነበር። ለዚያ ነው ያልፈጠነው።"

"አባዬ፣ አታስፈራራኝ። ማን ነው?"

"ስምንት ሰው ጭኜ ከዚያ ሲኦል ወጣሁ ስልሽ አልዋሸሁም። ጋቢናውን ትተሽ የጫንኩት ስምንት ነው። ዘጠነኛው ከኋላ እየሮጠ ነበር።"

አቅላጯ በልጅነቷ እንቅልፍ የወሰዳት በዚህ ታሪክ ነው። በሰፈሩ አባቷ ሲመጣ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳለት በዚህ ታሪክ ነው። አንድም ሰው ጥሎ ያልመጣ ሾፌር ይሉታል።

"አላየኸውም ይሆናል" አለች፤ እንዲህ ቢሆን ምንኛ በወደደች።

"በስፔኪዮ አየሁት እንጂ! እጁን ዘርግቶ፣ ስፖንዳውን ሊይዝ ምንም አልቀረው። ፍሬን እይዛለሁ ስል እግሬ ነዳጁን ረገጠው። የእግሬ ጥፋት ነው እንዳልል እግሩስ የኔ አይደል?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አቧራ ነው።"

ድስቱ ውስጥ ብረቱ ያብለጨልጫል።

"በየወሩ የምትደውል ሴትዮ አለች አይደል?" አለ አባትየው። "አንቺ ስልኩን አንስተሽ የምታቀብዪኝ?"

"ቀጭን ድምፅ ያላት?"

"እህቱ ናት። ያኔ እንደተመለስን መጥታ ጠየቀችኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ 'የዚያን ቀን ከኛ ጋር አልነበረም፣ አላየሁትም' አልኳት። እና አለ ብላ ትጠብቃለች። ጣሪያው እያፈሰሰባት ያንን ቤት አልለቅም ብላለች፤ ሲመጣ አድራሻው እንዳይጠፋበት። ደውላ 'ወሬ ሰማህ?' ትለኛለች። 'ኧረ ምንም' እላታለሁ።" እጁን ወደ ድስቱ ዘረጋ። "በይ ቅጂ። አንድ ጨምሪ።"

"አልቀዳም።"

"ልጄ፣ በእናትሽ። ልየው።"

ቀዳች።  ብረቱ እስኪረጋ አባትየው በርጩማውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ማያዣውን ፈታችና ፎርማውን ከፈተች።

አሥረኛዋ ጥርት ብላ ወጥታለች። ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ ጠርዟ ቀጥ ያለ ነው፣ አረፋ የለ፣ ትርፍ የለ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቅጂ አውጥታ አታውቅም። አባትየው ባዶውን መንገድ በጣቱ ዳሰሰው።

"ልክ እንዲህ ነበር" አለ። "ደግሜ ሳይ ማንም የለም።"

ውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ባለመነጽሩ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ መነጽሩን ከኪሱ መዘዘና አሥረኛዋን አነሳት።

"እንከን አይወጣላትም! ኧረ እጅሽ ይባረክ! እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለ ዘጠኙን እያየ።

"ብልሽቶች ናቸው" አለች አቅላጯ።

"እንግዲያው ወደ ድስቱ! አሥራ አንድ እንደዚችው ቅጂልኝ፤ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ከወደድሽ የዓመቱን ሥራ ሁሉ ላንቺው ነው የማመጣው።"

አቅላጯ ዘጠኙን ሰብስባ በመዳፏ ያዘቻቸው። ፎርማው ከእንግዲህ አንድም ትርፍ እንደማያወጣ ልቧ ነገራት። እነዚህን ድስቱ ውስጥ ብትጥላቸው ባንድ አፍታ ይቀልጣሉ። ሥራዋም የአባቷም ስም እንዳለ ይቀጥላል፤ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። አባቷን አየችው። እሱም የምታስበው ገብቶታል።

"አቅልጪያቸው" አለ ቀስ ብሎ። "ሥራሽን ሥሪ። እኔ ምን ቀረኝ፣ ሆዴ እንደቻለው ይቻለው።"

"እህቱስ?" አለች።

አባትየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እጇ ድስቱ ላይ ቆየ። ሙቀቱ መዳፏን ሲለበልባት የሴትዮዋን ቀጭን ድምፅ ሰማች፤ በየወሩ እንደምትለው "ደህና ዋልሽ የኔ ልጅ፣ አባትሽ አሉ?" ስትል። ለስንት ዓመት ነው "አሉ፣ ላቅርብልዎት" ስትላት የኖረችው? አፈረች። እጇን መልሳ ዘጠኙን በጨርቁ ጠቀለለቻቸውና ጎንበስ ብላ ጋዙን ዘጋች።

"ምን ሆንሽ?" አለ ባለመነጽሩ።

"ዛሬ አይሆንልኝም።"

"ነገርኩሽ እኮ! ሌላ ቦታ ነው የምወስደው።"

"ይውሰዱት። አይቀየሙኝ።"

ባለመነጽሩ አንዴ እሷን አንዴ ሽማግሌውን አየና መነጽሩን ወደ ኪሱ መለሰ። መኪናው እስኪርቅ ጠበቁ።

"ቤቷ የት ነው?" አለች አቅላጯ።

"አውቶብሱ የሚያልቅበት።" አባትየው ምርኩዙን አነሳ። "ብታባርረኝስ?"

"ታባርርህ።"

ወደ ጓዳ ገብታ ጫማውን ይዛ ተመለሰች። ጉልበቱ አልታጠፍ ስለሚለው ፊቱ ተንበርክካ አንዱን እግሩን አነሳች። መጀመሪያ ያጠለቀችው ነዳጁን ለረገጠው ቀኝ እግሩ ነው፤ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጋ አሰረችለት።