ቀን ያልተጻፈበት መስመር

«ሻዩ ውስጥ ሎሚ የጨመረው ማነው?» አለች አክስቷ ብርጭቆዋን አሽትታ።

«ማንም። ሎሚም የለንም» አለቻት።

አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። «እንባዋ ጠብ አላለም እኮ፣ ድንጋይ ናት እንዴ?» የሚለው ሹክሹክታ ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ተከትሏታል። አልከፋትም። ምንም አልተሰማትም፤ እጇ ብቻ ብርጭቆ ያጥባል፣ ይደረድራል፣ ደግሞ ያጥባል።

ማጠብ ሥራዋ ነው። በአባቷ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ጠርሙስ አጥባለች። እሱ በየጠርሙሱ የባቄላን ሥር የሚያበረቱ ተህዋስያን ያረባ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ማለቅ ጀመሩ። ውሃውን ለወጠ፣ አለቁ። ምግባቸውን ለወጠ፣ አለቁ። የማሞቂያውን ሣጥን ፈታትቶ ገጠመ፤ እነሱ እንደ ተማከረ ሰው በሦስተኛው ቀን ፍግም ይላሉ። አባቷ አይናደድም። «ሙከራ አይዋሽም፣ የምንዋሸው እኛው ነን» ይልና የጠረጠረውን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሞክሮ ካልሆነ ይሰርዘዋል፤ ከጎኑም የሞከረበትን ቀን ያሰፍራል።

ያን ደብተር አሁን ይዞት የመጣው ረዳቱ ነው። እኩያዋ ነው፤ ጠብታ ቆጥሮ ስለማይጠግብ አባቷ «ጠብታ» ብሎት ስሙ በዚያው ቀርቷል። ሳሎን ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በዚህ ሰዓት ማንሳት አልነበረብኝም። ኃላፊዎቹ ሰኞ ጥናቱን ሊዘጉት ነው። ሐሳቡ ከመነሻው ስህተት ነበር ብለው ጽፈዋል።»

«የሃያ ዓመቱ ልፋት?»

«የሚያልቁበትን ምክንያት ካላሳየናቸው፣ አዎ።»

ደብተሩን ገለጠችው። ውሃ፣ ምግብ፣ ሙቀት፤ ሁሉም ተሰርዘዋል፣ ሁሉም ቀን አላቸው። ከሁሉ በታች «እጥበት» ይላል። እሱም ተሰርዟል፤ ቀን ግን የለውም።

«ይሄን መቼ ሞከራችሁት?»

ጠብታ አቀረቀረ። «አልሞከርነውም። ‹ሌላውን ሁሉ እጠረጥራለሁ፣ የልጄን እጅ ግን አልጠረጥርም› አሉኝ።»

የአክስቷን ብርጭቆ አንስታ አሸተተች። ሎሚ ሎሚ ይላል። ባለፈው ዓመት የድሮው ሳሙና ከገበያ ሲጠፋ ባለ ሎሚ ሽታውን ሁለት ጀሪካን ገዝታ ነበር፤ አንዱን ለቤት፣ አንዱን ለቤተ ሙከራ። አረፋው ከጠፋ ጠርቷል ብላ እንደ ድሮው ሦስቴ ታለቀልቅ ነበር። ሽታው ካልለቀቀ ግን ተህዋስያኑን የሚገድለው ሳሙናም ጠርሙሱ ላይ ቀርቷል። ለአባቷ አልነገረችውም። ሳሙና ምን ይወራለታል?

ዝም ብትል አባቷ ተሳስቶ የሞተ ሰው ሆኖ ይቀራል። ብትናገር የመጨረሻ ዓመቱን የበላችበት እሷ ናት።

«እስክርቢቶ አለህ?»

ከተሰረዘው መስመር በታች እንደገና «እጥበት» ብላ ጻፈች። ቀጥላም «ሳሙናውን የቀየርኩት እኔ ነኝ» ብላ የዕለቱን ቀን አሰፈረች።

«አሥር ጠርሙስ ያለ ሳሙና አጥበህ ሞክር» አለችው። «ሰኞም ይሄን አሳያቸው።»

ጠብታ አነበበው። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። የተደረደሩትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ እያሸተተች ታለቀልቃቸው ጀመር። የአባቷ ብርጭቆ መጨረሻ ላይ ነበር። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ አለቀለቀችው። አሸተተችው። ቧንቧውን እንደገና ከፈተች።