ውሃ ያጠጣሁት አሸዋ

ዶክተር ሳብሪን የልጄን ግራ ዓይን በትንሿ መብራት አይታ ስትጨርስ መብራቱን አጠፋች፣ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች፣ ከዚያም ወረቀቷን እያየች «በዚህኛው ዓይኗ አታይም» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ባለሱቅ «ዛሬ ስኳር የለም» ሲል እንደሚባለው እሺ ነው ያልኩት።

ዐማል አራት ዓመቷ ነው። ወንበሩ ላይ እግሯን እያወዛወዘች ነርሷ የሰጠቻትን ከረሜላ ትልሳለች። ስለ እሷ እንደምናወራ አልገባትም።

ነገሩን ያሳበቀው የኢድ ፎቶ ነበር። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በስልኬ ሳነሳት አንዱ ዓይኗ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ወጣ። ለአባቷ ለዲሪዬ ላክሁለት። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ልጆቹን የሚያየው ከመንገድ ሲመለስ ነው። «ስልክሽን ቀይሪው አቦ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከሳምንት በኋላ ዐማል ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና «ሆዮ፣ መብራት ጠፋ» አለችኝ። ሆዮ የምትለኝ እኔን እናቷን ነው። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐይዋ ቆርቆሮ ታቀልጣለች።

«ግቢያችሁ ውስጥ እንስሳ አለ?» አለችኝ ዶክተሯ።

«ጎረቤታችን ውሻ አላት» አልኩ። አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ወዲያው ነው የወጣው።

«እናንተስ?»

«ድመት አለችን። እሷ ግን ንጹሕ ናት።»

ዶክተሯ ቀና ብላ አየችኝ።

የምንኖረው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፣ ድሮ የባቡር ሠራተኞች ይኖሩበት በነበረ ቤት ውስጥ። ለሁለት ተከፍሎ በግማሹ እኛ፣ በግማሹ እትዬ ወይንሸት እንኖራለን። ድሬ ውስጥ አንቱ ማለት እንግዳ ያስመስላል፤ በእናቴ ዕድሜ ያለችውን ሴት እትዬ እያልኩ አንቺ እላታለሁ። ባሏ ወልደ ማርያም የባቡር ሰው ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጅ አልወለዱም። ከእሱ የቀራት መቻል የሚባለው ውሻ ነው። ቡችላ ሳለ ባሏ ከሁርሶ ያመጣላት፣ አሁን ጢሙ የሸበተ ውሻ።

በዚህ ውሻ ምክንያት ከእሷ ጋር ያልተጣላሁበት ወር የለም። ውሻ ነጃሳ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ቀሚሴን ከነካው ቀሚሴን አጥባለሁ፤ ዐማልን ከነካት ዐማልን አጥባለሁ። «እትዬ፣ እሰሪው!» ብዬ ስጮህ ጩኸቴ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይሰማል። እሷም ታስረዋለች። ተቆጥታኝ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ «ኧረ ኪንሲ፣ መቻል እኮ ከእኔ የበለጠ ሐኪም ቤት ይመላለሳል» ብላ ካርዱን አሳየችኝ። በየሦስት ወሩ የትል ክኒን ታሰጠዋለች፤ ቀኑ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት። ዓይነ ምድሩንም ጠዋት ጠዋት በአካፋ አንስታ ትቀብራለች። እኔ ደግሞ «ውሻ ክኒን ከዋጠ የዓለም መጨረሻ ደርሷል» ብዬ ተሳለቅሁባት።

ድመታችን አንድ ክረምት ራሷ ናት የመጣችው። አልጋችን ሥር ሁለት ጊዜ ወልዳለች። ለእሷ ክኒን መስጠት በሐሳቤም አልመጣም። ድመት ከሳህን ብትጠጣ ሳህኑ አይረክስም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የተባለው ግን ስለ ምራቋ ነው። ዓይነ ምድሯን ማንም ንጹሕ አላለም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

አሸዋውን ዲሪዬ ነው ያስመጣው። ለልጆቹ አንድ ክፍል ሊጨምር አስቦ ከደቻቱ ወንዝ አስጭኖ ግቢው መሐል አስደፋው። ሲሚንቶ ጠፋ፤ አሸዋው ተጎልቶ ቀረ። ሁለት ዓመት ሆነው። ዐማል እዚያ ላይ ነው መሮጥ የተማረችው። ግን ቀን ሲያቃጥለው የዋለ አሸዋ እግር አያስረግጥም፤ ትሄድና እያለቀሰች ትመለሳለች። ስለዚህ አስር ሰዓት ሲሆን አንድ ባልዲ ውሃ እረጭበት ጀመር። በየቀኑ፣ ሳላስታጉል። ውሃ በሁለት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ለራሴ መታጠቢያ የያዝኩትን ሁሉ ረጭቻለሁ። ሲቀዘቅዝላት እግሯን ትቀብርበታለች፣ ኬክ ትጋግርበታለች፣ የጋገረችውን ደግሞ ትቀምሳለች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ታናሽ ወንድሟን ጦልሃን እያጠባሁ አያታለሁ። በቀኑ ውስጥ የምወደው ሰዓት ያ ነበር።

ድመቷም አሸዋውን ትወደዋለች። ትቆፍራለች፣ ትጸዳዳለች፣ መልሳ ትሸፍናለች። «አየሽ እትዬ፣ ንጽሕናዋን አየሽ? ያንቺ ውሻ ይህን ያውቃል?» እላት ነበር። እትዬ ወይንሸት ትስቃለች።

ዶክተር ሳብሪን ከውሃው በቀር ይህን ሁሉ ከእኔ አውጣጥታ ከሰማች በኋላ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ውሻና ድመት አንጀት ውስጥ የሚኖር ወስፋት አለ። እንቁላሉ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ይወጣል። እንደ ወጣ ወዲያው ሰው አይጎዳም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት አፈር ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ በልጅ እጅ ወደ ልጅ አፍ ከገባ ሆድ ውስጥ ይፈለፈላል። የሰው ሰውነት ግን ቤቱ አይደለምና አንጀት ውስጥ አያድግም፤ መንገድ እንደ ጠፋው ሰው ይዞራል። ጉበት ይገባል፣ ሳንባ ይገባል። አንዳንዴ ዓይን ይገባል።

«ሰገራዋን አስመርምሬ ነበር እኮ» አልኩ። «ምንም የለባትም ነበር ያሉኝ።»

«ሰገራ ላይ አይታይም። የሰው ትል ቢሆን ይታይ ነበር።» ከዚያ «አሸዋው ደረቅ ነበር?» አለችኝ። «የድሬ ፀሐይ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ናት። ደረቅ አሸዋ ላይ እንቁላሉ ብዙ አይቆይም።»

«ውሃ እረጭበት ነበር።»

«ለምን?»

«እንዲቀዘቅዝላት።»

ጻፈችው። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ አየሁት። ማልቀስ ያለብኝ እዚያ ጋ ነበር መሰለኝ፤ ግን ውስጤ ምንም አልተነሳም። የዐማል ጫማ ማሰሪያ መፈታቱን አየሁና ጎንበስ ብዬ አሰርኩላት።

«ከየትኛው ነው?» አልኳት እንደ ተጎነበስኩ።

«ምርመራው ይህን አይለይም። ያ ውሻ ግን ሽማግሌ ከሆነ፣ ክኒኑን ካላቋረጠ፣ አሸዋው ላይም ካልወጣ... እኔ የምጠረጥረው ድመቷንና አሸዋውን ነው።» ከዚያ መድኃኒት አዘዘች። እብጠቱን ያበርደዋል፤ ብርሃኑን ግን አይመልሰውም። «ሌላ ልጅ አለሽ?»

«አለ። አስር ወሩ ነው።»

«ይድሃል?»

«ጀምሯል።»

«እንግዲያው አሸዋውን ዛሬ ነገ ሳትይ አስነሺ» አለችኝ። «ድመቷንም ከነልጆቿ ክኒን አስውጫት። እጃቸውን በሳሙና፣ ጥፍራቸውንም በየጊዜው። ለጎረቤቶችሽም ንገሪ፤ ማንም ሰው ይህን አያውቅም።»

ባጃጅ ውስጥ እያለን ስልኬ ጮኸ። ዲሪዬ ደወሌ ኬላ ላይ ተራ ይጠብቃል። «ምን አሉሽ?»

«በግራ ዓይኗ አታይም አሉ። ከእንስሳ የሚመጣ ትል ነው አሉ።»

ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ከዚያ «ውሻው!» አለ። «ወላሂ፣ ያ ውሻ ነው! ስንቴ ነግረሻታል? ስንቴ!»

ሰው እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመቸው፤ የእኔ ያ ነበር። «ውሻው አይደለም፣ ድመታችን ናት፣ አሸዋውንም ያረጠብኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። ባጃጁ ጉድጓድ ዘለለና ዐማል ጭኔ ላይ ወደቀች፤ እሷን ሳቃና ዲሪዬ መሳደብ ጀምሯል። ዝም አልኩ። ልጅ ይዤ ነው፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ቤት ገብቼ እነግረዋለሁ ብዬ ነው። ቤት ስገባ ግን የባሌ እኅት ሃሊሞ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ጠበቀችኝ፤ ነግሯታል። ለሃሊሞ መንገር ደግሞ ለከዚራ በሙሉ መንገር ነው። ከመግሪብ በፊት የእትዬ ወይንሸት ውሻ የኪንሲን ልጅ አሳወረ ተብሎ ተወራ።

በማግሥቱ አሸዋውን በጋሪ አስጭኜ አስወጣሁት። ስምንት ጉዞ ፈጀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ይሄንን ነው። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ «ጦልሃ ሊበላው ነው» አልኩ፤ እሱ እንኳ እውነት ነበር። ድመቷንና ልጆቿን በካርቶን ይዤ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ክኒኑን ስትውጥ አየኋት። ማኅተም ያለበት ካርድ ሰጡኝ፣ እንደ መቻል ካርድ ያለ። ቦርሳዬ ውስጥ ከታች ደበቅሁት። ቧንቧው አጠገብ ሳሙና አንጠለጠልኩ። የዐማልን እጅ በቀን አስር ጊዜ አጥባለሁ። ሥራ እንደያዘ ሰው ነበርኩ፤ እጄ ይሠራል፣ እኔ የለሁበትም።

ዲሪዬ በአራተኛው ቀን ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ዐማልን አቅፎ ተቀመጠ። በግራዋ በኩል ጣቱን ከፍ አድርጎ «ስንት ነው፣ አቦ?» አላት። እሷ ወደ በሩ እያየች «ሦስት» አለች። አንድ ነበር። ደግሞ ጠየቃት። «አራት» አለች፤ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። ባሌ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። አስቀመጣትና ወደ እትዬ ወይንሸት በር ሄደ።

ጦልሃን ጭኔ ላይ ይዤ ጥፍሩን እየቆረጥኩ ነበር። በመሐላችን ያለው አንድ ግድግዳ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

«እትዬ፣ እንደ እናቴ ነው የማይሽ» አላት። «ግን ይሄ ውሻ ከግቢው ይውጣ።»

«ዲሪዬ ልጄ፣ ክኒኑን እኮ አላቋረጥኩበትም። ካርዱ ይኸው...»

«ካርድ የልጄን ዓይን ይመልሳል?»

የወረቀት መታጠፍ ተሰማኝ። «እሺ ልጄ» አለች። «ልክ ነህ።»

ከተቀመጥኩበት እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ነው። የጦልሃ የአውራ ጣት ጥፍር ቀርቶኝ ነበር። እሱን ቆረጥኩ። ከዚያ የሌላኛውን እጅ ጀመርኩ። ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ፤ «አንቺ ነሽ» ይለኛል። ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ ለራሴ የምለውን ከእሱ አፍ መስማት ነው ያቃተኝ።

መቻልን የእትዬ ወይንሸት የወንድም ልጅ ሰይፈ ሚካኤል መጥቶ ወሰደው። ሁርሶ ካምፕ አጠገብ ነው የሚኖረው። ውሻው ፒካፕ ላይ አልወጣም ብሎ አስቸገረ፤ እሷ ራሷ አቅፋ ጫነችው። ዐማል መስኮቱ ላይ ሆና ታያለች።

«ሆዮ፣ መቻልን ወዴት ወሰዱት?»

«ሁርሶ።»

«ምን አጥፍቶ?»

«ምንም» አልኳት። ስለ ውሻው ከአፌ የወጣው እውነት ይሄ ብቻ ነው፤ የነገርኩትም ለአራት ዓመት ልጅ ነው።

ግቢው ጸጥ አለ። እትዬ ወይንሸት በሯን ዘግታ መዋል ጀመረች። ጠዋት አካፋዋን ይዛ ትወጣና የሚነሳ ነገር እንደሌለ ስታይ ትመለሳለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ሰባት ቀን አደርኩ፣ ምንም አልጠራም። የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ስሆን በምን ይጠራል?

በስምንተኛው ቀን፣ ዲሪዬ ወደ ጅቡቲ እንደ ወጣ፣ በሬን አንኳኳች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፣ ሰው የሞተባት ይመስል። ግቢ አልኳት፤ አልገባም አለች። ዐማል ከኋላዬ መጥታ ቀሚሴን ያዘች፤ እትዬ ወይንሸት ግራ ዓይኗን አይታ ፊቷን አዞረች።

«ኪንሲ ልጄ» አለችኝ። «ወልዴ ከሞተ በኋላ ብቻዬን መሆን ከብዶኝ ነው እንጂ ያኔውኑ ልሰጠው ይገባ ነበር። አንቺ ነግረሽኛል። ሁልጊዜ ትነግሪኝ ነበር። ክኒን ሰጠሁ ብዬ ተኩራራሁ። የልጅቷን ዓይን የበላሁት እኔ ነኝ።» ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትይዝ ስትል ክንዷን ያዝኳት። ቀላል ነበረች። «ይቅር በይኝ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

መንገዱ ላይ ባጃጅ ያልፋል። ውስጥ ጦልሃ ማንኪያ ወለሉ ላይ ያንኳኳል። ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ። ጠበቅሁ። እሷም ክንዷን እንደያዝኳት ፊቴን እያየች ጠበቀች።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

አመሰገነችኝ።