ሽበት የሚበሉት የእሳት እራቶች

መምህርት ሸጋዬ ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ አንድ ቀበሌ ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። በዕረፍት ሰዓት ባልደረቦቿ ካርታ ሲጫወቱ እሷ የትምህርት ቤቱን የድንጋይ አጥር ስትመረምር ትውላለች። አጥሩ ላይ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ፣ የገረጡ የእሳት እራቶች ቀን ቀን ተለጥፈው ይውላሉ። ለሌላው ሰው ሁሉም አንድ ናቸው። እሷ ግን ሦስት ዓይነት መሆናቸውን ደርሳበታለች፤ አንደኛው ክንፉ ላይ ጠይም መስመር፣ ሁለተኛው አንዲት ነጥብ አለው፣ ሦስተኛው ባዶ ነው። እንቁላላቸውን በጠርሙስ አስቀምጣ አባጨጓሬዎቹን አሳድጋለች። ገብስ ሰጠቻቸው፣ ጤፍ ሰጠቻቸው፣ ንክች አላደረጉም። የበሉት ድንጋይ ላይ የሚወጣውን ግራጫ ሽበት ብቻ ነው። ከእነሱ የበለጠ ጉዳት የማያደርስ ፍጡር በቀበሌው አልነበረም፤ አመራሩን ጨምሮ።

በ2003 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ፣ ገብሱ ገና ቡቃያ ሳለ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ መለሰ ለስብሰባ ቅስቀሳ ትምህርት ቤት መጣ። አጥሩን አየና ቆመ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«የእሳት እራት ነው። ሰብል አይነካም፤ ሦስት ዓመት አጥንቼዋለሁ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እያወቅሽ ሪፖርት አላደረግሽም?»

በሳምንቱ «አዲስ ተባይ» የሚል ሪፖርት ወጣ። በማግስቱ ዘመቻ ታወጀ። እያንዳንዱ የአንድ ለአምስት ቡድን እስከ ቅዳሜ አንድ ጣሳ ሙሉ የእሳት እራት እንዲያስረክብ ታዘዘ።

ሀጀራ ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ጅዳ የምትሠራ ገበሬ ነበረች። የቡድን መሪ ስለሆነች ማሳዋን ትታ አጥር ለአጥር ስትጠርግ ሰነበተች። ሐሙስ ዕለት መምህርቷ ዘንድ መጣች።

«አጥሩም ድንጋዩም ባዶ ሆነ፤ ጣሳው ግማሽ እንኳ አልደረሰም። እብቅ ብቀላቅልበት ያውቁብኝ ይሆን?»

«አያውቁም» አለቻት ሸጋዬ።

ወላሂ አላወቁም። ተረካቢው ኮሚቴ እብቁን መዝኖ፣ የሀጀራን ቡድን ሁለተኛ አደረገው።

ድሉን ሊያዩ ከወረዳ እንግዶች መጥተው ሕዝቡ በተሰበሰበ ጊዜ ግን ችግር ተፈጠረ። የሚታይ ጠላት አልቀረም። አቶ መለሰ መምህርቷን ለምኖ፣ በመርፌ ወግታ በሳጥን የደረደረቻቸውን ናሙናዎች ተዋሰ። ከሥራቸው የተጻፈውን ግን አላነበበም። ሳጥኑን ከፍ አድርጎ «ሰብላችንን ሊያወድም የመጣው ይህ ነው!» ሲል አንዱ እንግዳ «ጽሑፉ ምን ይላል?» አለው።

አቶ መለሰ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «ምግቡ፦ የድንጋይ ሽበት። ሰብል ፈጽሞ አይነካም።»

ሸጋዬ አሁን ያፍራል ብላ ጠበቀች።

«እንግዲህ ይህ» አለ አቶ መለሰ፣ «ዘመቻችን ጠላትን ጸባይ እስከማስቀየር መድረሱን ያሳያል።»

ተጨበጨበለት። ጭብጨባው ሳያባራ ሀጀራ ከኋላ ተነሣች። መዳፏ ላይ ጀርባው የጠቆረ፣ ጎኑ ላይ መስመር ያለው ትል ይንፈራገጣል።

«እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ገብሴ ላይ ይሄን አገኘሁ። ሞልቷል።»

ሸጋዬ ገና ስታየው ደነገጠች። «ተምች ነው! ዛሬውኑ ካልተያዘ ማሳው አለቀ!»

«እሱ በዕቅዱ ውስጥ የለም» አለ አቶ መለሰ። «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይታያል።»

ሁለቱ ሴቶች ስብሰባውን ጥለው ወጡ። ጥቂት ጎረቤት ተከተላቸው። እስኪመሽ ድረስ በማሳዎቹ መሀል ቦይ ቆፍረው ትሉን እያረገፉ ቀበሩት። የላይኛው ማሳ ተረፈ። የታችኛው በአራት ቀን መሬቱ ብቻ ቀረ፤ የሀጀራ ግማሽ ማሳም እዚያው ነበር። ሀጀራ ባዶው መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ሸጋዬ አጠገቧ ተቀመጠች።

አቶ መለሰ የምስክር ወረቀት ተሸልሞ ወደ ሌላ ወንበር አደገ። ሸጋዬ ተባይ በመደበቅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት።

በነሐሴ ሀጀራ ከሸጋዬ ጋር ሆና ባዶውን መሬት ጓያ ስትዘራበት፣ አዲሱ ሊቀ መንበር ማስታወሻ ደብተር ይዞ ደረሰ።

«ሰብል ማፈራረቅ ጀመራችሁ? ይሄ እኮ ለሌላው የሚተርፍ ተሞክሮ ነው።»

ሀጀራ ቀና ብላ አየችው። «ጻፍ የኔ ልጅ፣ ጻፍ» አለችና ዘሯን መበተን ቀጠለች።