እምቢ ያለው ማሞቂያ

ሮንዳ በአረጋውያን ማቆያው የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ቤት ስትገባ አማቷን ስቴፋኒያን ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወጥ ቤት ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"የት ሊሄዱ ነው እማማ?"

"የትም። ማሞቂያው ከንጋት ጀምሮ ያጉረመርምና ዝም ይላል። ልክ እንደ ሟቹ ባሌ።"

ሮንዳ አልሳቀችም። ሌሊቱን ሙሉ ሽማግሌ ስታገላብጥና ስታጥብ አድራ እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጧል። ልትቀመጥ ወንበር ስባ ተወችው፤ ከተቀመጠች እንደማትነሳ ታውቃለች። በካናዳዋ ማኒቶባ ጥር ደግሞ ማሞቂያው የጠፋበት ቤት እስከ ማታ አይቆይም፤ የውሃ መስመሩ በርዶ ይፈነዳል።

የሙቀት መቆጣጠሪያውን ከፍ አደረገች። ባትሪውን በቴሌቪዥኑ ሪሞት ባትሪ ለወጠችው። ምንም የለም። ወደ ምድር ቤት ወርዳ ፊውዙን አየች፤ ደህና ነው። የአየር ማጣሪያውን ስትመዘው አቧራ ጠግቦ የበግ ለምድ መስሎ ወጣ። "አገኘሁህ" ብላ ወዲያ ወርውራ ማሞቂያውን አጥፍታ አበራችው። ትንሿ ፋን ዞረች፣ ዞረች፤ እሳት ሳይያያዝ ቆመች። ቀይ መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ያርፋል፤ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ከክዳኑ ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ በባትሪ ብርሃን አነበበች፦ አየር በቱቦው በደንብ አያልፍም።

ለማሞቂያ ጠጋኙ ደወለች። ገጠር ወጥቷል፤ ሳይመሽ አይደርስም።

"ለዴል ልደውልለት?" አሉ ስቴፋኒያ ከደረጃው አናት።

"ይተዉት።"

ዴል የሮንዳ ባል ነው። ነዳጅ ማውጫ ውስጥ ሊሠራ አልበርታ ከሄደ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። መጀመሪያ በየወሩ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ለፋሲካ ብቻ፤ አሁን በስልክ ብቻ ሆኗል። እቤት ውስጥ ስለሱ ከተነሳ "ሥራ በዝቶበት ነው" ይባልና ወሬው ይቀየራል።

ስቴፋኒያ ግን ደውለዋል። ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ወደ ታች ዘረጉላት።

"ሦስቴ ነው ብልጭ የሚለው?" አለ ዴል፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ። "እንግዲያው ከጓሮ በኩል የሚወጣውን ነጭ ቱቦ እዩት። በረዶ ደፍኖት ይሆናል።"

ከኋላው የሴት ድምፅ "ማነው በጠዋት?" አለ። የተኛ ሰው አጠገቡ የተኛውን እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችው።

ስቴፋኒያ ስልኩን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"እማማ?" አለ ዴል።

"ሰምተናል" አሉ ስቴፋኒያ። "ቱቦውን እናየዋለን።" ዘጉት።

ሮንዳ አካፋ ይዛ ወጣች። ነፋስ ያመጣው በረዶ ጓሮውን እስከ መስኮቱ ሞልቶታል። ቱቦው እስኪታይ ቆፈረች። አማቷ ጭልፋ ይዘው ተከተሏት፤ ይግቡ ብትላቸው የሚገቡ ሴት አይደሉም። ተንበርክከው ከቱቦው አፍ በረዶውን ይጭሩ ጀመር።

"ታውቂ ነበር?" አሏት ሳያዩዋት።

"ጠርጥሬ ነበር።"

"እኔ ሞኟ ባለፈው ሳምንት ሹራብ ልኬለታለሁ።" ትንሽ ጭረው ቆዩ። "ዊኒፔግ ከተማ የእህቴ ልጅ አለች፤ እሷ ጋ እሄዳለሁ። እሱ ጥሎሽ ሄዶ እናቱን መጦር የለብሽም።"

"እማማ፣ ደክሞኛል። አሁን ይሄን ቱቦ ብቻ እንክፈት።"

"እሺ፤ ግን ብዬሻለሁ።"

የመጨረሻው ቁራጭ እንደ ቡሽ ወጣ። ምድር ቤት ተመልሰው ማሞቂያውን አስነሱት። ፋኗ ዞረች፤ የሆነ ነገር ቀጭ አለና ሰማያዊው እሳት ከዳር እስከ ዳር ተያያዘ። ሁለቱም ቆመው አዩት። ደስታ ሊባል የሚችል ነገር አልተሰማቸውም፤ ሮንዳ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ዛሬ ማታም ሥራ ትገቢያለሽ?"

"እገባለሁ።"

"በይ ወደ ላይ ውጪና ተኚ። ጠጋኙን አትምጣ እለዋለሁ።"

ሮንዳ ደረጃው መሃል ቆመች። "ዊኒፔግ ያለችውን ልጅ እኮ አይወዷትም" አለች።

"አልወዳትም። አፏ አያርፍም።"

"ታዲያ ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ?"

ስቴፋኒያ የማሞቂያውን ክዳን መልሰው ገጠሙ። ሮንዳ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ወደቀች። ዴል ከቀትር በኋላ ደጋግሞ ደወለ፤ የሚያነሳለት አላገኘም። ስቴፋኒያ በዚያ ክረምት ዊኒፔግ አልሄዱም፤ በሚቀጥለውም።