የመቀመጥ ሥራ

በጎብኚዎቹ ካምፕ ውስጥ እንደ እሱ የተቀለደበት ሰው የለም፤ ሥራው መቀመጥ ነበርና። በየማለዳው ከጨው ሜዳው ዳር፣ የእባብ አዳኙ ፋሮ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ እንስሳት ጉድጓድ አጠገብ ሄዶ ቁጭ ይላል፤ ሰው እንዲለምዱና ጎብኚ ሲመጣ እንዳይሸሹ። ሜዳው እስከ ሰማይ ጠርዝ ዝርግ ነው። እንስሳቱ ጭልፊት መምጣቱን የሚቃኙበት ከፍታ ሲያጡ በእሱ ራስ ላይ ይወጣሉ። የካምፑ ሰው ስሙን ትቶ «ጉብታው» ይለው ጀመር።

ከሁሉም የባሰችበት ልብስ አጣቢዋ ነበረች። አንሶላ እየጨመቀች፣ እኔ ወገቤ ሲቆረጥ አንተ ተቀምጠህ ትበላለህ ትለዋለች። እሱም ይስቃል።

ወገቡን የታመመው ግን እሱ ሆነና ሦስት ወር ሆስፒታል ተኛ። እሱ ከሌለ ጎብኚ ወደዚያ አይወሰድም። እንስሳቱ ደግሞ ሰው ካላዩ ወደ ዱር ጠባያቸው ይመለሳሉ፤ የስድስት ዓመት ልፋቱን ውሃ በላው ማለት ነው። ሲመለስ የካምፑ ኃላፊ ቁርጡን ነገረው፦ ነገ ከወጡልህ ሥራህ ላይ ነህ፣ ከሸሹህ ሌላ ቦታ የለኝም። ሦስት ልጆቹን የሚያሳድገው በዚህችው ሥራ ነው።

በማግስቱ ሄዶ ተቀመጠ። ኃላፊው ከኋላው ቆሟል። ፀሐይ ወጣች፤ ከጉድጓዱ ግን የሚወጣ የለም። ቆይቶ አንዲት አፍንጫ ብቅ አለች። ዙሪያዋን አየችና፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል፣ በክንዱ አድርጋ ራሱ ላይ ወጣች። ኃላፊው ወደ መኪናው ተመለሰ። ጉብታው እንዳይነቃነቅ እየታገለ አለቀሰ።

ሆኖም ነገሩ አልዋጥ አለው። ሦስት ወር ሙሉ እንዴት አልረሱትም? ይህን እያሰበ ኮቱን ለማሳጠብ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባ። አጣቢዋ ጀርባዋን ሰጥታው አንሶላ ትጨምቃለች። የሹራቧ ትከሻ ክሩ ተመዟል። ከጆሮዋ በላይ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። እነዚያን ጭረቶች ስድስት ዓመት በመስታወት ራሱ ላይ አይቷቸዋል።

«እትዬ» አላት። «በየቀኑ?»

«ሥራ ከመግባቴ በፊት» አለች ሳትዞር። «መቀመጥ እንዲህ መሆኑን መች አወቅኩ? ጉልበቴን ጨረሰው።»

ምን ብሎ ያመስግናት? የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘ። ከእጁ ነጠቀችው።

«ሐኪሙ አትጎንበስ ብሎህ የለ? አንተ ተቀመጥ፤ ሥራህ አይደል?»

ተቀመጠ። እንባውንም አልደበቃት።